ባዶም ቢሆን

ሐምሌ ገባ። ዓሣው ሽቅብ ይጓዛል፣
ደፍራሹን ጉማራን ጥሶ፣ እንቁላሉን የሚጥልበት ጠጠር ያስሳል፤
መረቡ ግድግዳ ላይ ውሏል፣ ታንኳው በደረቱ ተኝቷል፣
ዝናቡ ሱቄን በጭቃ አጥሯል።
እኔም እንደ ዓሣው ሽቅብ ልወጣ ነው፣ የገቢዎችን ደረጃ፣
አንድ እጄ ብረቱን ጨብጦ፣ በሌላው የሦስት ወር ማስረጃ።

ደብተሬን በላስቲክ ብብቴ ውስጥ ይዤ
ከቀበሌ አሥራ አንድ በባጃጅ ተጉዤ።
አንድ ጭረት ቆሮሶ ነው፣ ሁለት ጭረት አምባዛ፣
ክቡ ዱቤ ነው፤ «ነገ እሰጥሻለሁ» ብሎ ሰው የገዛ።
(ከክቦቹ አንዱ የእህቴ ነው፤ ሁለት ክረምት አለፈው፣
እኔም አልጠየቅኳት፣ እሷም አልመጣች፣ ማን ይሰርዘው?)
ዕንባ የሚመስለው ነጥብ ዕንባ አይደለም፤
ከመጥበሻው የተፈናጠረ ዘይት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለም።

እንየው ጃንጥላው ሥር አለ፣ በሩ ላይ፣
መነጽሩ ባንድ እግሩ፣ እስክሪብቶው ከጆሮው በላይ።
«ታንጉት፣ ይኼ ጭረት ስንት ብር ነው?» ይለኛል፤
«እንደ ዓሣው ነው» እለዋለሁ። ይስቃል፤ ይሞላልኛል።
ጠቅላላ ሽያጭ። ግዢ። ኪራይ። ትራንስፖርት።
«የንብረት እርጅና?» ሲል ሣቅሁበት።
«ቢላዋዬ ተስሎ ተስሎ ማንኪያ አክሏል፣ ጻፍ፤
እኔም አርጅቻለሁ፣ እሱንስ የት እንጻፍ?»
«ለሰው መስመር የለውም» አለኝ፣ ዓይኑን ሳያነሣ ከቅጹ ጫፍ።

ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮት አራት።
ባለወፍጮ፣ ፎቶ አንሺ፣ ጫማ ነጋዴ፤ ወረፋው ደረጃ ለደረጃ ወርዶበት።
«ሲስተም የለም።»
ሁላችንም እንደ ለቀስተኛ ዝም።
አንዱ ምሳውን በልቶ መጣ፣ አንዷ ልጇን አጠባች፣
ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ እንደ ኩርፈኛ ሚስት፣ ሲስተሟ ታርቃ መጣች።

«ወይዘሮ ታንጉት» አለችኝ ውባለም፣
«የዘንድሮው ይኸው። የዓምናው ክረምት ግን የለም።»
«ልጄ፣ ዓምና ክረምት አላጠመድን፣ አልሸጥን፣
ሱቁም ዝግ ነበር፣ በሽሮ ነው ያመለጥን።»
«ባዶም ቢሆን ይታወቃል፤
ያልታወቀ ባዶ ያስቀጣል።»
ድምጿ ቀጭን ነው። እሷንም ያሳፈራት ይመስላል።

ከፈልኩ።
ላልሸጥኩት አይደለም፣ ላልበላሁትም አይደለም፤
«ምንም የለኝም» ብዬ ስላልተናገርኩ።
ማኅተሙ ጠረጴዛውን መታ።
«ደረሰኝ» አለች፣ ወረቀቷን ስትሰጠኝ፤
«አዎ ልጄ» አልኳት፣ «ይኼም ደረሰኝ።»

በሐይቁ ዳር በእግሬ ተመለስኩ። ካፊያ ነው።
ይብራዎቹ ግንቡ ላይ ተሰልፈዋል፣ መስኮታቸው የት እንደሆነ እንጃላቸው።
ጣና ስንት ወንዝ ይገባበታል፣ ማን ይመዘግባል?
አባይ በድልድዩ ሥር ያለ ደረሰኝ ይወጣል፤
ሐይቁስ «ዘንድሮ ይኼን ያህል ጎደልኩ» ብሎ ለማን ያሳውቃል?

ያን ጊዜ ያ ክብ ትዝ አለኝ።
የዓሣው ዋጋ አይደለም፣ እሱስ ይቅርብኝ፤
የምነግራት ስላጣሁ ዝም ያልኳት፣ የሁለት ዓመቱ ዝምታ ከበደኝ።
ስልኬን በቀሚሴ ጠርጌ ደወልኩ፣ ዘጌ፣ ለአንጓች።
ጠራ። ጠራ። አነሣች።
«ታንጉት ነኝ።»
«ምነው? ማን ሞተ?» አለች።
«ማንም አልሞተ። ምንም የለም። ዓሣ የለም፣ ገበያ የለም፣ ዝናብ ነው፤
እንዲያው ባዶውን ላሳውቅሽ ነው።»
ዝም አለች። ከማዶ ዝናቡ ቆርቆሮዋን ሲደበድብ ይሰማኛል።
ቆይታ፣
«እኔም ጋ ያው ነው» አለች።